ከጠርዙ የሚጀምር ጉዳት፦ ለመታጠቢያ ቤት ካቢኔት የሚሆን ቦርድ ስለ መምረጥ

በደብረ ብርሃን ከተማ ለቤት ባለቤቶችና በእንጨት ሥራ ለተሰማሩ ወጣቶች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። በእጅ መታጠቢያው ሥር የሚቆም፣ ሳሙናና ፎጣ የሚቀመጥበት፣ ሁለት በር ያለው አንድ ካቢኔት ነው። ይሁን እንጂ ለቤታችን ከምናሠራቸው የእንጨት ዕቃዎች ሁሉ ቶሎ የሚበላሸው ይኸው ነው። የመኝታ ቤቱ ቁምሣጥን ልጆች አድገው ጎጆ እስኪወጡ ድረስ ሲያገለግል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ካቢኔት ግን ሁለት ክረምት ሳይሻገር እግሩ ያብጣል፣ በሩ አልገጥም ይላል፣ ልባሱም ከጥግ ጀምሮ ይላጣል። ያን ጊዜ አናጢው ይወቀሳል፤ አናጢው ደግሞ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ይጠቁማል። በእኔ ግምት አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው ከሁለቱም እጅ በፊት፣ ቦርዱ በሚገዛበት ሱቅ ውስጥ ነው። ቦርድ የምንመርጠው ፊቱን አይተን፣ ቀለሙንና አንጸባራቂነቱን ወደን ነው፤ ውሃ ግን በፊቱ በኩል እምብዛም አይገባም። የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝ፣ ለቧንቧ በተበሳው ቀዳዳና ብሎን በተመታበት ቦታ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በአመዛኙ ስለ ጠርዝና ጠርዙ ውስጥ ስላለው ሙጫ ይሆናል።

ወደ ቦርዶቹ ከመግባታችን በፊት ስለ አገራችን አየር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ እስኪጥል ድረስ ይቀዘቅዛል፣ የቤታችን ግድግዳም የሌሊቱን ብርድ ይዞ ያረፍዳል። በእንዲህ ያለ ማለዳ አንድ ሰው በሙቅ ውሃ ገላውን ሲታጠብ የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢደርስና አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን፣ ከ16 ዲግሪ በታች የሆነ ነገር ሁሉ ላይ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። ግድግዳው 10 ወይም 12 ዲግሪ ከሆነ ውሃው በሴራሚኩ ላይ ሲንቆረቆር በዓይን ይታያል። የማይታየው ካቢኔቱ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ ከጀርባው የሚሆነው ነገር ነው፤ በዚያ በኩል አየር ስለማይዘዋወር የጠዋቱ ጤዛ እስከ ማታ ሳይደርቅ ይቆይና በማግስቱ ሌላ ይጨመርበታል። ማንም ውሃ ሳያፈስበት፣ ቧንቧም ሳያንጠባጥብ ጀርባው ሻግቶ የሚገኝ ካቢኔት ምስጢሩ ይህ ነው።

ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የግድግዳ ጤዛው ይቀንሳል፤ በምትኩ ሙቀትና ምስጥ ይመጣሉ። ምስጥ ጥሬ እንጨትን ብቻ ሳይሆን ቺፑድንም ኮምፔንሳቶንም ይበላል። ስለሆነም በሰሜን ሸዋ ውስጥ እንኳ ለደጋው ጥሩ የሆነው ምርጫ ለቆላው ሙሉ በሙሉ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም። ሁላችንንም የሚያመሳስለን የአጠቃቀማችን ነገር ነው። ወለሉን የምናጥበው ውሃ በባልዲ ደፍተን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጀሪካንና በርሜል በመታጠቢያ ቤት ስለሚቀመጡ፣ በተቀዳ ቁጥር ካቢኔቱ እግር ሥር ውሃ ይተኛል። አንዳንዱ ካታሎግ ላይ የምናየው ወለሉ ሁልጊዜ ደረቅ የሆነ መታጠቢያ ቤት የእኛ አይደለም።

አሁን ወደ ቦርዶቹ እንምጣ። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ቺፑድ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂና ስብርባሪ በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀትና በከባድ ግፊት ተጨምቆ ይሠራል፤ ፊቱ ላይ በሜላሚን የተነከረ ወረቀት ሲለጠፍበት ነጭ ወይም እንጨት መሰል መልክ ያገኛል። ይህ ፊት ውሃ ቢፈስበት፣ በእርጥብ ጨርቅም ቢወለወል ምንም አይሆንም። ጠርዙን ግን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከላይና ከታች ያሉት ስስ ሽፋኖች ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ መካከሉ ግን ሻካራ ስብርባሪ የተሞላበት፣ በጥፍር ሲፍቁት የሚረግፍ፣ በዓይን የሚታይ ክፍተት ያለበት ነው። ውሃ የሚጠጣው ያ መካከል ነው። ስብርባሪው በፋብሪካ ተጨፍልቆ የታሰረ በመሆኑ ውሃ ሲያገኝ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ይገፋል፤ ያንን ግፊት መያዝ የነበረበት ሙጫ ደግሞ በተራው ቺፑድ ውስጥ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የሚባለው ርካሽ ዓይነት ሲሆን፣ እርጥበትና ሙቀት ሲደጋገሙበት ራሱ ይፈራርሳል። በዚህ ምክንያት ቺፑድ አንድ ጊዜ ካበጠ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም ወደ ልኩ አይመለስም።

ይህን ስል ቺፑድ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። አውሮፓውያን ኢኤን 312 በተባለው ደረጃቸው ከፒ1 እስከ ፒ7 ይከፍሉታል። ፒ2 በደረቅ ክፍል ለሚቀመጥ የቤት ዕቃ የሚሆነው ነው፤ ፒ3 እርጥበት ባለበት ቦታ ሸክም ለማይበዛበት ሥራ፣ ፒ5 ደግሞ እርጥበት ባለበት ቦታ ሸክም ለሚሸከም ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ዩሪያው ከሜላሚን ጋር በተቀየጠበት ወይም ሌላ ጠንካራ በሆነ ሙጫ የተሠሩ ስለሆኑ ዝግ ብለው ያብጣሉ። ዝግ ብለው አልኩ እንጂ አያብጡም አላልኩም፤ እርጥበት የሚቋቋም ቦርድ ውሃ ላይ የሚቆም ቦርድ አይደለም። ብዙ አምራቾች እርጥበት የሚቋቋመውን ዓይነት ለመለየት መካከሉን አረንጓዴ ቀለም ይቀቡታል። ሻጩም «ይኸው አረንጓዴ ነው» ብሎ ያሳያችኋል። ነገር ግን አረንጓዴው ቀለም ነው፤ ለሙጫው ጥንካሬ አንዳች ነገር አይጨምርም፣ ማንም ፋብሪካም በማንኛውም ቦርድ ላይ ሊጨምረው ይችላል። የደረጃው ጽሑፍ በቦርዱ ወይም በማሸጊያው ላይ ከሌለ የቀለሙን ምስክርነት ብቻውን አትቀበሉት።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ቀላል መንገድ አለ፤ ቤተ ሙከራ የሚጠቀምበትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ከሱቁ ቁራጭ ለምኑ፤ አብዛኛው ቦርድ ቆራጭ ቁራጩን የሚጥለው ስለሆነ አይነፍጋችሁም። በእያንዳንዱ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡና መካከሉ ላይ ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። ከዚያም ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ እንዳይንሳፈፍ ጫን አድርጋችሁ፣ ሙሉ ለሙሉ ሰጥሞ 24 ሰዓት ይቆይ። ውሃው ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ደጅ ካደረ የደብረ ብርሃን ብርድ ፈተናውን ያቀልለታል፣ ደረጃው የሚለው 20 ዲግሪ ነውና። በማግስቱ አውጥታችሁ በዚያው ቦታ ላይ ለኩት። 18 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ20 በታች ከቀረ ጥሩ ቦርድ ይዛችኋል፤ 21 እና 22 ከደረሰና ጠርዙ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ፣ ቀለሙ አረንጓዴም ይሁን ሰማያዊ ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም። ሁለትና ሦስት ዓይነት ቁራጭ በአንድ ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ደግሞ ልዩነቱን ለማየት ካሊፐር እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ኤም ዲ ኤፍ የቺፑድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንጨቱ እስከ ክር ድረስ ተፈትቶ እንደገና የተጨመቀ ነው። መካከሉ እንደ ቺፑድ ክፍት ስላልሆነ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ በማሽን ሲቀርጹትም አይሰባበርም፤ ቀለም ለሚቀባ የካቢኔት በር የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሆኖም የተቆረጠ ጠርዙ ቀለምን እንደሚጠጣ ሁሉ ውሃንም ይጠጣል፤ የበሩ የታችኛው ጠርዝ፣ ማለትም ቀለም ቀቢ ጎንበስ ብሎ ስለማያየው የሚረሳው ጠርዝ፣ ቀድሞ የሚያብጠው ነው። ለመታጠቢያ ቤት ከተጠቀማችሁበት ለበር ብቻ ይሁን፤ ስድስቱም ፊቱ ተቀብቶ፣ ጠርዙ በመጀመሪያ በቀጠነ የዘይት ቀለም ጠጥቶ፣ ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ከዚያ ዋናው ቀለም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደገምበት። ለታችኛው ቦርድ ግን በምንም ምክንያት አልመክረውም።

አሁን ወደ ምወደው እመጣለሁ፤ መውደዴን አስቀድሜ መናገሬ ፍርዴን እንድትመዝኑት ነው። ኮምፔንሳቶ በስሱ የተላጡ የእንጨት ንጣፎች አንዱ ቁመቱን፣ ሌላው አግድሙን እየያዙ የሚጣበቁበት ቦርድ ነው። እንጨት ውሃ ሲያገኝ የሚሰፋው ወደ ጎኑ እንጂ ወደ ርዝመቱ እምብዛም ስላልሆነ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ የጎረቤቱን መስፋት ይይዘዋል። በዚህም የተነሣ ኮምፔንሳቶ ርሶ ሲደርቅ ከሞላ ጎደል ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ ብሎንም ከቺፑድ የተሻለ ይይዛል። ክብደቱም ይቀላል፤ 1.22 ሜትር በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ 36 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲመዝን፣ ከቀላል እንጨት የተሠራ ተመሳሳይ ኮምፔንሳቶ ከ30 ኪሎ ግራም በታች ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ካቢኔት ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ይሁንና የኮምፔንሳቶም ዕድሜ በሙጫው ይወሰናል። ኢኤን 314 የተባለው ደረጃ የሙጫውን አያያዝ በሦስት ይከፍለዋል፤ አንደኛው ለደረቅ ክፍል፣ ሁለተኛው እርጥበት ላለበት ቦታ፣ ሦስተኛው ለደጅ ነው። ለሦስተኛው ክፍል የሚቀርበው ናሙና 4 ሰዓት ይቀቀላል፣ ከ16 እስከ 20 ሰዓት በ60 ዲግሪ ይደርቃል፣ እንደገና 4 ሰዓት ይቀቀላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሙጫው መያዙን ለማየት ንጣፎቹ የሚጎተቱት። እኛም በከሰል ምድጃ ላይ ልንሞክረው እንችላለን፤ ድስቱ ግን ወጥ የሚሠራበት አይሁን፣ ከሙጫው የሚወጣው ነገር ከምግብ ጋር መገናኘት የለበትምና፤ ምድጃውም ደጅ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ልብ የምትሉት ነገር አለ። በዚህ ከፍታችን ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 90 እና 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ባቄላችን ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ነው። ስለዚህ እዚህ 4 ሰዓት ተቀቅሎ የጸና ቦርድ ደረጃውን አሟልቷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል እዚህ 4 ሰዓት ተቀቅሎ ንጣፎቹ የተለያዩበት ቦርድ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም፤ ጥሉት። በሱቅ ውስጥ ደግሞ ጠርዙን ዙሩና ተመልከቱ። በንጣፎቹ መካከል ቀዳዳና ክፍተት የበዛበት ከሆነ፣ ማጠፊያ የምትገጥሙበት ብሎን ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ውሃም በዚያ ይገባል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የፒቪሲ ቦርድ ሰፊ ቦታ ይዟል። በአረፋ መልክ የተነፋ ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰብስም፣ ምስጥም ምግብ አያደርገውም፤ ስለዚህ ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ነዋሪ ከሁሉ ቀድሜ የምጠቅሰው እርሱን ነው። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። ብሎን አጥብቆ አይዝም፤ በሩ በየቀኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የማጠፊያው ብሎን እየላላ ይመጣል፤ ረጅም መደርደሪያ ሲሆንም ከሸክም ሥር ቀስ በቀስ ይጎብጣል። መደርደሪያው ከ50 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ ማጠፊያው በሚያርፍበት ቦታ ከውስጥ የኮምፔንሳቶ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ቢደረግለት፣ ብሎኑም አስቀድሞ በተበሳ ቀዳዳ ቢገባና ከጠርዙ ቢርቅ ይሻላል። ሲገዙ ቁራጩን በእጅ መዝኑት፤ እጅግ የቀለለው ብዙ አየር የተነፋበት ስለሆነ በጥፍር ሲጫኑት ይጎደጉዳል።

ጥሬ እንጨትስ ለምትሉኝ አጭር መልስ አለኝ። ጽድ እርጥበትንም ምስጥንም የሚቋቋም ታላቅ እንጨት ነው፤ ነገር ግን በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል ያለው የወፍ ዋሻ ደን ለሳሙና ማስቀመጫ የሚቆረጥ አይደለም፤ ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ ጽድ ካላችሁ ግን ለካቢኔቱ እግር ከእርሱ የሚበልጥ የለም። ዋንዛ መልኩም ጸባዩም ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን ከመታጠቢያ ቤት ይልቅ ወደ ሳሎን ይጠራዋል። ባሕር ዛፋችን ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለበር አይሆንም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ መላው ካቢኔት ከአንድ ቦርድ መሠራት አለበት የሚለውን ልማድ መተው ይበጃል። ወለል አጠገብ ያለው ክፍል ውሃ ይነካዋል፤ በሩ እንፋሎትና እርጥብ እጅ ይነካዋል፤ የላይኛው መደርደሪያ ግን ከመኝታ ቤት ቁምሣጥን ብዙም የተለየ ኑሮ የለውም። ስለሆነም የታችኛውን ቦርድና ሁለቱን ጎኖች ከጥሩ ኮምፔንሳቶ ወይም ከፒቪሲ፣ በሮቹን ፈተናውን ካለፈ ባለ ሜላሚን ቦርድ ማድረግ ይቻላል። ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 45፣ ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካቢኔት ከነበሩ የሚፈጀው ቦርድ 1.2 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙሉ ቦርዱ ደግሞ ወደ 3 ካሬ ሜትር ይጠጋል። አንድ ጎረቤት አብሯችሁ ከገዛ ከአንዱ ቦርድ ሁለት ካቢኔት ይወጣል። የተሻለው ቦርድ ውድ ነው የሚለው ቅሬታ ሲነሣ እኔ የማስበው ይህንን ሒሳብ ነው፤ ጭማሪው የሚከፈለው ለግማሽ ቦርድ እንጂ ለሙሉው አይደለም።

ስለ ጀርባው አንድ ቃል ብቻ። ከኋላ የሚመታው ፋይዚት የሚባለው ስስ የተጨመቀ ቦርድ በብርድ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ የሚሻግተው ነው፤ በደጋው ከነጭራሹ ብትተዉት፣ ካቢኔቱንም ከግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብታርቁት ከማንኛውም ውድ ቦርድ የበለጠ ይጠቅማችኋል። ጀርባ የሌለው ካቢኔት እንዳይወላገድ ከላይና ከታች አግዳሚ ማሰሪያ ይበቃዋል። የሚቻል ከሆነም እግሩን አስቀርታችሁ በፊሸርና በጠንካራ ብሎን ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ በባልዲ የሚደፋው ውሃ ከሥሩ ያልፋል።

የትኛውንም ቦርድ ብትመርጡ የተቆረጠ ጠርዝ ሳይደፈን አይቅር። በካውያ የሚለጠፈው ስስ የጠርዝ ሽፋን ለፊት መልክ ይሆናል እንጂ ለታች ጠርዝ አይተማመኑበትም፤ በማሽን የሚለጠፈው ባለ 2 ሚሊ ሜትር ሽፋን ይሻላል። የቧንቧና የሲፎን ቀዳዳ የሚበሳው አናጢው ከሄደ በኋላ በቧንቧ ሠራተኛው እጅ ስለሆነ ባለቤት የሌለው ጠርዝ ነው፤ ባለቤቱ እናንተ ሁኑና በዚያው ቀን፣ ቧንቧው ከመገጠሙ በፊት፣ ቫርኒሽ አጠጡት፤ ሲገጠምም ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑት። የሚዝግ ብሎን ደግሞ ቀዳዳውን ያሰፋዋልና የማይዝገውን ጠይቁ።

ሙጫን ካነሣሁ አይቀር፣ ከቦርዱ ሙጫ የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ የሚተን ጋዝ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል። መታጠቢያ ቤት ጠባብና ዝግ ክፍል ስለሆነ የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ አነስተኛ መሆኑን የሚያሳየው ኢ1 የሚል ምልክት ያለውን ቦርድ መምረጥ፣ አዲስ ካቢኔትም ከመገጠሙ በፊት አየር በሚያገኝበት ቦታ ጥቂት ቀናት ማቆየት ተገቢ ነው። ጠርዙን መድፈን እዚህም ላይ ይጠቅማል፤ ውሃው በገባበት መንገድ ጋዙ ይወጣልና።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት እናት፣ ካቢኔታቸው ከታች አብጦ ሳለ የላይኛው ክፍል ምንም እንዳልሆነ ገልጸው፣ ሁሉንም መጣል ግድ ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። መልሴ እንዲህ የሚል ነበር፦ እማማ፣ አይጣልም። መጀመሪያ እንዲደርቅ ባዶውን ክፍት አድርገው ያቆዩት፤ ከዚያ ያበጠውን ክፍል፣ ከእብጠቱ በላይ ሦስት ጣት ያህል ጨምሮ፣ አናጢው በቀጥታ መስመር ይቁረጠው። የቀረውን ጠርዝ ቫርኒሽ ያጠጣው። የታችኛውን ቦርድ በፒቪሲ ወይም በኮምፔንሳቶ ይተካውና ካቢኔቱን ግድግዳ ላይ ይስቀለው፤ የላይኛው ሳህን በቦታው ስላለ ቁመቱ አይለወጥም፣ የሚያጥረው ከታች ብቻ ነው። በሮቹ ከታች ካላበጡ እነርሱንም በዚያው ልክ አሳጥሮ መልሶ መግጠም ይቻላል።